ስለ ጎሚኒ አለዋወጥና ተመላሽ ስለሚሆነው ዕቃ

ከይጁቤ ወደ ደብረ ማርቆስ ጤፍና ስንዴ ጭነው ከሚመላለሱት መኪናዎች መካከል ዕድሜያቸው የገፋ ጥቂቶች አይደሉም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ስለ ጣለ፣ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ተነገረ፣ በእጅ ያለውን መኪና እያደሱ መንዳት ግድ ሆኗል። ስለዚህ ባለመኪናው በግቢው ክሪክ ገትሮ ራሱ ይፈታል፤ ራሱም ያስራል። በዚህ ሥራ ባለሱቁን ከደንበኛው ጋር ብዙ የሚያጨቃጭቀው ዕቃ በዋጋው ትንሽ የሆነው ጎሚኒ ነው።

ጎሚኒ፣ ስሙ እንደ ባሌስትራና እንደ ክሪክ ከጣሊያንኛ የተወረሰ ሲሆን፣ አንዱ ባንዱ ውስጥ የገቡ ሁለት የብረት ቱቦዎችና በመካከላቸው የተጣበቀ ጎማ ነው። የውጪው ቱቦ መንኰራኵሩን ከሻንሲው ጋር በሚያያይዘው ክንድ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይገባል፤ የውስጡ በብሎን ከሻንሲው ጋር ይታሰራል። መንኰራኵሩ ከፍና ዝቅ ባለ ቍጥር ጎማው ይጠመዘዛል እንጂ አይንሸራተትም። ሲያረጅ መኪናው ጉድጓድ ላይ ይንኳኳል፣ መሪው ይዋልላል፣ የእግሩ ጎማም ባንድ ወገን ይበላል። ይህ የመጨረሻው ጉዳት ከጎሚኒው ዋጋ እጅግ የበለጠ ኪሣራ ነው።

ሠሪው መኪናውን በክሪክ ካነሣ በኋላ በጠንካራ የብረት ማቆሚያ ላይ ማሳረፍ አለበት፤ በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር መግባት ነፍስን ማስያዝ ነው። አሮጌውን ጎሚኒ በእሳት አቃጥሎ ማውጣት የተለመደ ቢሆንም ጢሱ መርዝ ነው፤ ክንዱንም ሊጎዳ ይችላል። የሚሻለው በአንድ ወገን ሰፊ ቱቦ፣ በሌላው ወገን ከጎሚኒው ጥቂት የሚያንስ ቡሶላ አድርጎ በሞርሳ መግፋት ነው። አዲሱ ሲገባ የሚገፋው የውጪው ብረት እንጂ ጎማው አይደለም። ለማለስለሻም የሳሙና ውሃ ይበቃል፤ የሞተር ዘይት ጎማውን ያሳብጠዋል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በመጨረሻው ሥራ ላይ ነው። መንኰራኵሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ብሎኑ እስከ መጨረሻ ከተጠበቀ፣ መኪናው መሬት ሲወርድ ጎማው ገና ሳይሄድ ተጠምዞ ይቀራል፤ ከዚያም በጥቂት ጊዜ ይቀደዳል። ስለዚህ ብሎኑን አላልቶ ማሰር፣ መኪናውን በእግሩ ማቆም፣ ጥቂት ማነቃነቅና ከዚያ በኋላ ማጥበቅ ይገባል። ግራና ቀኙ አብሮ ይለወጣል፤ አላይመንቱም ይታያል።

ከጎማ ይልቅ ፖሊዩረቴን የሚባለውን የሚጠይቅ ደንበኛ አለ። ይህ ዐይነት ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን የመንገዱን ንዝረት ወደ ውስጥ ያስተላልፋል፣ ቅባትም ይፈልጋል።

ዕቃው ተመላሽ ሆኖ ሲመጣ ባለሱቁ ገንዘብ ከመመለሱ በፊት ስብራቱን ይመልከት። ጎማው ለስላሳ ሆኖ በውስጠኛው ቱቦ ዙሪያ ከተቀደደ አስተሳሰሩን መጠርጠር ይገባል። ደርቆ በየቦታው ከተሰነጣጠቀ ግን ጥፋቱ ምናልባት የሱቁ ነው፤ ፀሐይ በሚያገኘው መደርደሪያ ላይ ለብዙ ዓመት የቆየ ጎማ ሳይገጠም ያረጃልና።