ቡናማ የእሳት እራት በመጋዘን፤ አንዷን ከሌላዋ ስለ መለየት

በእህል መጋዘን ወይም በጨርቃ ጨርቅ መደብር ውስጥ አንዲት ትንሽ ቡናማ የእሳት እራት ስትበር የታየች እንደ ሆነ፥ ባለንብረቱ ብዙ ጊዜ «ብል ነው» ብሎ ጨፍልቋት ያልፋል። ነገር ግን በዚህ ስም የሚጠሩት ነፍሳት ሁሉ አንድ ዐይነት አይደሉም፤ ምግባቸውም፥ የሚያደርሱትም ጉዳት የተለያየ ነው። ሳይለዩ መድኀኒት መግዛት፥ የተበላውን ጆንያ ትቶ ደኅናውን እንደ ማጠን ይሆናል። ስለዚህ ነጋዴ አራቱን ለይቶ ቢያውቅ ይጠቀማል።

የመጀመሪያዋ በሳይንስ ስሟ ሲቶትሮጋ ሴሪያሌላ የምትባለው የእህል የእሳት እራት ናት። አንጉሙዋ በተባለው የፈረንሳይ አውራጃ ብዙ እህል ስላጠፋች፥ ዱሃሜል ዱ ሞንሶና ቲዬ የተባሉ ሊቃውንት መርምረው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1762 ዓመተ ምሕረት መጽሐፍ አሳተሙባት፤ እስከ ዛሬም በዚያው አውራጃ ስም ትጠራለች። መልኳ የደረቀ ገለባ ይመስላል፤ ክንፎቿ ሲዘረጉ ከ10 እስከ 18 ሚሊሜትር ይሆናሉ። ዋና ምልክቷ የኋላ ክንፏ ነው፤ ጫፉ እንደ ጣት ሾሎ ይወጣል፥ ዳሩም እንደ ነጠላ ዘርፍ በረዣዥም ፀጉር ተከቧል። ትሏ በበቈሎ፥ በማሽላና በስንዴ ፍሬ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚበላ፥ ክብ ቀዳዳ እስኪታይ ድረስ እህሉ ደኅና ይመስላል። በአገራችንም የበቈሎና የማሽላ ጎተራ ጠላት ናት።

ሁለተኛዋ ፕሎዲያ ኢንተርፑንክቴላ ናት። የፊት ክንፏ በሁለት ቀለም የተከፈለ ነው፤ ለሰውነቷ የቀረበው ሢሶ ፈዛዛ ዐመድማ፥ የቀረው መዳብ የመሰለ ቡናማ ነው። «የህንድ ዱቄት እራት» የሚለውን ስም አሜሪካዊው ኤሳ ፊች በ1856 የሰጣት በአሜሪካ «የህንድ ዱቄት» ይባል በነበረው በበቈሎ ዱቄት ምክንያት ነው፤ እንግዲህ ስሟ ሸቀጡ ከህንድ አገር ለመምጣቱ ማስረጃ አይሆንም።

ሦስተኛዋ ካድራ ካውቴላ የሁለተኛዋ የቅርብ ዘመድ ናት። ሆኖም ክንፏ ከዳር እስከ ዳር ዐመድማ ቡናማ ሲሆን፥ ፈዘዝ ያሉ መሥመሮች ብቻ ይታዩበታል እንጂ በሁለት ቀለም አልተከፈለም። የሁለቱም ትሎች ዱቄትን፥ የተሰበረ እህልን፥ ኦቾሎኒንና ቴምርን በድር አያይዘው ያጓጕላሉ።

አራተኛዋ ብል የሚለው ስም በትክክል የሚገባት የልብስ እራት፥ ቲኔኦላ ቢሴሊዬላ ናት። ወርቅማና አንጸባራቂ ስለ ሆነች ከእህሏ እራት ጋር ትምታታለች። ነገር ግን በራሷ ላይ ቀላ ያለ የፀጉር ጕንጕን አላት፤ ብርሃንም ትሸሻለች። ትሏ የሚበላው በርኖስን፥ የሱፍ ምንጣፍን፥ ጠጕርንና ላባን ነው፤ ከእህል ጆንያ አይራባም።

በአሁኑ ጊዜ ወንዱን በሴቷ ሽታ የሚስብ ሙጫ ያለበት ወጥመድ ይሸጣል። ሆኖም ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ የሚሳቡት በአንድ ዐይነት ሽታ ስለ ሆነ፥ የተያዘችውን በአጉሊ መነጽር መመርመር ያስፈልጋል። የእህሏ እራትና የልብሷ ብል ደግሞ ለዚህ ሽታ አይመጡም፤ ስለዚህ ባዶ ወጥመድ መጋዘኑ ንጹሕ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይደለም።

መፍትሔውም እንደ ዐይነቱ ይለያያል። ድር የሚያደሩት ትሎች አድገው ወደ ግድግዳና ወደ ጣራ ስለሚወጡ፥ ስንጥቁን ሁሉ መጥረግና የፈሰሰውን ዱቄት ማስወገድ ይጠቅማል። በፍሬው ውስጥ የተሸሸገውን ትል ግን መጥረጊያም ወንፊትም አያወጣውም፤ እህሉን ማጠን ግድ ይሆናል። የማጠኛው ጋዝ ሰውን የሚገድል በመሆኑ፥ ሥራው ፈቃድ ላለው ባለሙያ ብቻ ይተው።

በመጨረሻም አስመጪውና ባለመጋዘኑ ስለ ካሣ ቢከራከሩ አንድ ነገር ይረዳል። የእህሏ እራት ከዕንቍላል ተነሥታ በራሪ እስክትሆን፥ በሙቀት ጊዜም ቢሆን አንድ ወር ያህል ይፈጅባታል። ጭነቱ በገባ በጥቂት ቀን ውስጥ ከፍሬው እየፈለፈሉ የሚወጡ እራቶች፥ ከጭነቱ ጋር የመጡ እንጂ በመጋዘኑ የተራቡ አይደሉም። ስለዚህ ዕቃ ሲረከቡ ጆንያ ከፍቶ ማየት፥ የተገኘችውን እራት በጠርሙስ ማኖርና ቀኑን መጻፍ ብዙ ክርክርን ያስቀራል።