አሮጌ የጦር ጠመንጃ በአሜሪካ ገበያ፦ የርካሽነቱ ዘመን አብቅቷል

በአሜሪካ የጦር መሣሪያ ገበያ “ትርፍ” የሚባለው መንግሥታት ለሠራዊታቸው አሠርተው፣ አዲስ ሲተካ ከግምጃ ቤት አውጥተው የሚሸጡት ዕቃ ነው። ከእነዚህም ምላጭ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ተኩሰው ቀጣዩን ራሳቸው የሚያጎርሱት ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎች ብዙ ፈላጊ አላቸው። ቀድሞ ገዢውን የሚስበው ርካሽነታቸው ነበር። ዛሬ ግን ይህ ስሌት አይሠራም።

ምክንያቱ አቅርቦት ነው። በሶቪየቱ ሲሞኖቭ የተነደፈው ኤስ.ኬ.ኤስ. በቻይናም በብዛት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ከ100 ዶላር በታች ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 የክሊንተን አስተዳደር የቻይና መሣሪያና ጥይት እንዳይገባ ሲያግድ ምንጩ ደረቀ፤ ያው ጠመንጃ አሁን ብዙ መቶ ዶላር ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ1936 ለአሜሪካ ሠራዊት የተመረጠው ኤም ዋን ጋራንድም ከ5 ሚሊዮን በላይ ቢመረትም፣ ለሠራዊቱ መሠራቱ ከቆመ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች በኮሪያ የያዙት ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ወጪ ጥይት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ለሩሲያ ጥይት አዲስ የማስገቢያ ፈቃድ መስጠት ስታቆም፣ ለኤስ.ኬ.ኤስ. የሚሆነው ርካሽ ጥይት ዋና ምንጩን አጣ። ለምሳሌ አንዱ ጥይት 60 ሳንቲም ነው ቢባል፣ በወር 100 የሚተኩስ ሰው በዓመት 720 ዶላር ያወጣል። ይህ ራሱን የቻለ የጠመንጃ ዋጋ ነው።

ርካሽ ጥይት ፈልጎ አሮጌውን መግዛትም መዘዝ አለው። በቀድሞው የምሥራቁ ጎራ የተሠራው አብዛኛው አሮጌ ጥይት ሲተኮስ ጨው ይተዋል፤ ወዲያው በውኃ ታጥቦ ካልደረቀና ዘይት ካልተቀባ አፈሙዙ ይዝጋል። ጋራንድ በበኩሉ ለአደን የሚሠራውን ኃይለኛ ጥይት ሁሉ አይችልም፤ ማጎረሻ ዘንጉ ሊጎብጥበት ይችላል።

ከኢትዮጵያ ወጥተው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አሜሪካ ከገቡት መሣሪያዎች መካከል ኤም ዋን ካርባይን ይገኝበታል። እንዲህ ያለው ዕቃ ረጅም ዘመን ያገለገለ በመሆኑ፣ ገዢው ከስሙ ይልቅ የአፈሙዙን መበላት፣ የሰደፉን መሰንጠቅና የክፍሎቹን ቁጥር መመሳሰል ማየት ይኖርበታል።

“ላድሰው” ማለትም ኪሳራ ያመጣል። ሰብሳቢዎች ከፍ ያለ ዋጋ የሚሰጡት እንደ ተሠራ ለቆየው ነው። ከዚህም በላይ በካሊፎርኒያ ተነቃይ ካዝና የተገጠመለት ኤስ.ኬ.ኤስ. ክልክል በመሆኑ፣ በጥቂት ዶላር የተለወጠ ክፍል ባለቤቱን ከሕግ ጋር ሊያጋጨው ይችላል።

እንግዲህ አሮጌው ጠመንጃ ለሰብሳቢና ለዒላማ ስፖርተኛ ዋጋውን ይዞ የሚቆይ ንብረት ነው፤ አዲስ ስለማይመረት የጥሩው ቁጥር አይጨምርም። ዘወትር ሊተኩስበት ለሚፈልግ ሰው ግን መለዋወጫው በየሱቁ የሚገኘው ዘመናዊ ጠመንጃ ይረክሳል።