ምድርን የሚያሰሉ ማሽኖችና የመረጃ ጎተራቸው

የምድር ሳይንስ ሱፐርኮምፒውተር ዋና ሥራ ከባቢ አየርን፣ ውቅያኖስን፣ በረዶንና አፈርን በስሌት ማስኬድ ነው። ሞዴል የሚባለው ፕሮግራም የምድርን ገጽ በትናንሽ ክፍሎች ይሸነሽናል፤ ከእያንዳንዱ ክፍል በላይ ያለውን አየር ደግሞ በደርብ በደርብ ይከፍለዋል። እንዲህ በሚፈጠረው በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ሙቀቱ፣ ግፊቱ፣ ነፋሱና እርጥበቱ በፊዚክስ ሕግ ይሰላል። ከዚያ ጊዜው በደቂቃዎች ወደፊት ይገፋና ሁሉም እንደ አዲስ ይሰላል። የመቶ ዓመት የአየር ንብረት ጥናት ይህንኑ ከሚሊዮን ጊዜ በላይ መደጋገም ሊጠይቅ ይችላል።

ሐሳቡ ኮምፒውተርን ይቀድማል። እንግሊዛዊው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በ1922 ባሳተመው መጽሐፍ የአየር ጠባይን በሒሳብ መተንበይ የሚቻልበትን መንገድ አሳይቷል። በእጁ ያሰላው የስድስት ሰዓት ትንበያ ግን ሳምንታት ፈጅቶበት ውጤቱም የተሳሳተ ሆነ። ከአየሩ ፍጥነት እኩል ለመሄድ 64,000 አስሊ ሰዎች እንደሚያስፈልጉም ገምቶ ነበር። በ1950 ኤኒያክ በተባለው ማሽን የ24 ሰዓት ትንበያ ሲሠራ ስሌቱ ራሱ 24 ሰዓት ገደማ ወሰደ።

ችግሩ ያለው ሳጥኖቹ ላይ ነው። የሳጥኑ ጎን 100 ኪሎ ሜትር ከሆነ የሰሜን ተራሮችና የተከዜ ሸለቆ በአንድ አማካይ ከፍታ ይዋጣሉ፤ እንዲህ ባለ አገር ዝናቡ የሚዘንበው ግን ተራራውን እየተከተለ ነው። ጎኑን በግማሽ ማሳጠር ቀላል ይመስላል። የሳጥኖቹ ቁጥር አራት እጥፍ ይሆናል፣ የጊዜው እርምጃም በግማሽ ማጠር አለበት፤ ስለዚህ ስሌቱ ስምንት እጥፍ ያድጋል። ኮምፒውተሮቹን በጣሊያን ቦሎኛ ያስቀመጠው የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ የአየር ትንበያ ማዕከል ዛሬ መላውን ዓለም በ9 ኪሎ ሜትር ገደማ ያሰላል። ያውም አንዴ አይደለም፦ መነሻውን በጥቂቱ እየለዋወጠ ከ50 ጊዜ በላይ ያሰላና የውጤቶቹን መቀራረብ ወይም መራራቅ አይቶ ትንበያው ምን ያህል እንደሚታመን ይለካል።

እነዚህ ማሽኖች ዕድሜያቸው አጭር ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የከባቢ አየር ምርምር ማዕከል በ2012 በዋዮሚንግ ግዛት፣ ሻያን ከተማ የኮምፒውተር ማዕከል ከፈተ፤ የአካባቢው ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ለማቀዝቀዣ የሚወጣውን ኤሌክትሪክ ይቀንሳል። በከተማዋ ስም የተጠራው ሱፐርኮምፒውተር በ2017 ሥራ ሲጀምር 145,152 የፕሮሰሰር ኮሮች ነበሩት፤ በሰከንድም ከ5 ሺህ ትሪሊዮን በላይ ስሌት የመሥራት አቅም ነበረው። በ2023 ከሦስት እጥፍ በላይ በሚፈጥነው፣ ደረቾ በተባለ ማሽን ተተካና አሮጌው በ2024 በጨረታ 480,085 ዶላር ተሸጠ። ሲገዛ በአሥር ሚሊዮኖች ዶላር የተገመተ ማሽን ነው።

ጠቃሚው መረጃ ግን አይሸጥም፣ አይጣልምም። ዝናው ሁሉ የፈጣኑ ማሽን ይሁን እንጂ ከባዱ ጣጣ ማኅደሩ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮሰሰሮች ውጤታቸውን በአንድ ጊዜ ሲጽፉ ተራ ዲስክ አይችላቸውም፤ ስለዚህ አንዱ ፋይል በብዙ ዲስኮች ላይ ተከፋፍሎ ይጻፋል። ፈጣኑ ዲስክ ውድ በመሆኑ ጊዜያዊ ነው፤ ለወራት ያልተነካ ፋይል ይሰረዛል። መቆየት ያለበት ወደ ዝግተኛ ዲስክ፣ ከዚያም ወደ መግነጢሳዊ ቴፕ ይወርዳል። ቴፕ ጊዜው ያለፈበት ይመስላል፤ ሆኖም መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ኤሌክትሪክ አይበላም፣ የሮቦት ክንድም ሲፈለግ ያወጣዋል።

የመረጃው ብዛት ልክ የለውም። ለመጨረሻው ዓለም አቀፍ የአየር ንብረት ግምገማ መነሻ የሆነው የሞዴሎች ንጽጽር 20 ፔታባይት ገደማ ይዟል። በሰከንድ አንድ ጊጋቢት በሚያሳልፍ መስመር አንዱን ፔታባይት ብቻ ለማውረድ ያለማቋረጥ ከ90 ቀን በላይ ያስፈልጋል። ስለዚህ አሠራሩ ተገልብጧል፦ ተመራማሪው ፕሮግራሙን ወደ መረጃው ይልካል፣ ስሌቱ እዚያው ተሠርቶ ትንሹ ውጤት ብቻ ይመለሳል። ይህም የሚሆነው ፋይሉ ምን እንደያዘ፣ በየትኛው ሞዴልና መቼ እንደተሠራ አብሮ ከተጻፈ ነው። ያልተገለጸ ፋይል በቴፕ ላይ ቢኖርም እንደሌለ ይቆጠራል።

እንደ ኢትዮጵያ ላለ አገር ትልቁ ትርፍ የሚገኘውም ከማሽኑ ይልቅ ከማኅደሩ ነው። ኢአርኤ5 የሚባለው የአውሮፓው ማዕከል ስብስብ ከ1940 ጀምሮ ያለውን የዓለም አየር በየሰዓቱ፣ በ31 ኪሎ ሜትር ስፋት ያሳያል። የላንድሳት ሳተላይት ምስሎችም ከ2008 ጀምሮ ክፍያ የላቸውም። የአውሮፓው ስብስብ በጣቢያ ልኬት ላይም ስለሚደገፍ የሜትሮሎጂ ጣቢያ በሳሳበት አካባቢ መጠንቀቅ ያሻል። ሆኖም በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ዳር ያለ ተማሪ ዓለምን ሁሉ ማውረድ አያስፈልገውም፤ በነጻ ተመዝግቦ የሚያጠናውን ተፋሰስና ዓመታት ብቻ ቆርጦ መውሰድ ይችላል።