«ኒውሰንስ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ፍችና አተረጓጎም

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በሚተረጎሙ ጽሑፎች ውስጥ ተርጓሚን ከሚያስቸግሩ ቃላት አንዱ «ኒውሰንስ» ነው። ቃሉ በተራ ንግግርም ሆነ በሕግ ጽሑፍ ይሠራበታል፤ በሁለቱ ስፍራዎች ያለው ክብደት ግን እጅግ የተለያየ ነው። ዝናብ የጉዞውን ዕቅድ ያፋለሰበት እንግሊዛዊ በዚህ ቃል ያማርራል። በእንግሊዝና በዌልስ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ሆን ብሎ ወይም በግዴለሽነት በሕዝብ ላይ «ኒውሰንስ» ያደረሰ ሰው እስከ 10 ዓመት እስራት ሊፈረድበት ይችላል። ስለዚህ አንድ የአማርኛ አቻ ይዞ በሁሉም ስፍራ መጠቀም ለስሕተት ይዳርጋል።

የቃሉ ሥር «ኖኬሬ» የተባለው የላቲን ግሥ ሲሆን፣ ትርጉሙ «መጉዳት» ማለት ነው። «ኢኖሰንት»፣ ማለትም «በደል የሌለበት»፣ የሚለው ቃልም ከዚሁ ሥር የተገኘ ነው። «ኒውሰንስ» በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ እ.ኤ.አ. በ1400 ገደማ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ፍችው ጉዳት ነበር። ከዚያ ወዲህ በተራው ንግግር ኃይሉ እየላላ ሄዶ ቀላል ማስቸገርን ወደ ማመልከት ደረሰ፤ የሕጉ ቋንቋ ግን ጠንካራውን ፍች እንደ ያዘ ቆየ።

አማርኛ በዚህ ረገድ የቃላት ድህነት የለበትም። ንዴት፣ ብስጭት፣ ምሬት፣ መሰልቸት የሚሉት ሁሉ ይገኛሉ። ይሁን እንጂ እነዚህ የሚሰይሙት በሰውዬው ውስጥ ያለውን ስሜት ነው። «ኒውሰንስ» ግን የስሜቱን መንሥኤ ይሰይማል፤ ይኸውም ጢሱ፣ ጩኸቱ፣ የሚረብሸው ልጅ ራሱ «ኒውሰንስ» ይባላል። ስለሆነም ቃሉን «ብስጭት» ብሎ መተርጎም ነገሩን ከአድራጊው ወደ ተቀባዩ ያዛውረዋል።

ይህ ልዩነት በሕግ ረገድ ትልቅ ዋጋ አለው። ዳኛው የሚመዝነው ከሳሹ ምን ያህል እንደ ተናደደ ሳይሆን፣ ነገሩ የመካከለኛ ሰውን የዕለት ኑሮ ምን ያህል እንደሚያውክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 በእንግሊዝ አገር በተፈረደ አንድ የታወቀ ጉዳይ፣ የለንደን ጣፋጭ ሠሪ ከ20 ዓመት በላይ ይሠራበት በነበረው የሙቀጫ ድምፅ ምክንያት በጎረቤቱ በሐኪሙ ተከሰሰ፤ ሐኪሙ የምርመራ ክፍሉን ከሙቀጫው አጠገብ አሠርቶ ነበርና። ፍርዱ ለሐኪሙ ሆነ። ሙቀጫው የሰበረው ንብረት ወይም ያቆሰለው ሰው ስለሌለ፣ «ጉዳት» የሚለው ቃል ብቻውን ነገሩን አይገልጸውም።

በኢትዮጵያም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 በእንግሊዝኛው ቅጂ «ኒውሰንስ»ንና ጉዳትን ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል፤ ቀጥሎም ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጢስን፣ ጥላሸትን፣ መጥፎ ሽታን፣ ድምፅንና ንዝረትን ይከለክላል። ሁለቱን ቃላት አንድ አድርጎ የሚተረጉም ሰው ጎረቤት ከተሰጡት ሁለት መከላከያዎች አንዱን ያጠፋበታል።

«ሁከት» የሚለውም ቃል ቢሆን ለዚህ አገልግሎት አይመችም። በሕጋችን ከይዞታ ክርክር ጋር ተያይዞ «ሁከት ይወገድልኝ» በሚለው ክስ የታወቀ ነው፤ በጋዜጣ ቋንቋ ደግሞ የሕዝብ ብጥብጥን ያመለክታል። ከወጥ ቤት የሚወጣ ጢስ «ሁከት» ቢባል አንባቢው ይደናገራል።

በእኛ አስተያየት ለሕጉ ፍች ተስማሚ የሚሆነው «አዋኪ ነገር»፣ እንደ አገባቡም «አዋኪ ድርጊት» ነው። «አወከ» ከ«ሁከት» ጋር አንድ ሥር ያለው ግሥ ሲሆን፣ «አዋኪ» የሚለው ቅጽል ልክ እንደ እንግሊዝኛው ቃል መንሥኤውን ያመለክታል። ቃሉ እንግዳም አይደለም፤ በትምህርት ቤቶች አካባቢ የሚካሄዱ እንደ ሺሻ ማስጨስ ያሉ ሥራዎች «አዋኪ ድርጊት» ሲባሉ ይሰማል። በግለሰብ ላይ ሲሆን «ጎረቤትን የሚያውክ ነገር»፣ በሕዝብ ላይ ሲሆን «ሕዝብን የሚያውክ ድርጊት» ማለት ይቻላል።

ለተራው ንግግር ግን ይህን ከባድ ቃል አንመክርም። ዕቅድን ስላፋለሰው ዝናብ «ምን ዓይነት ጣጣ ነው!» ማለት ይበቃል። ዕረፍት ለሚነሣ ልጅ «አስቸጋሪ» ወይም «በጥባጭ»፣ አንዱን ነገር እየደጋገመ ለሚያሰለች ሰው «ነዝናዛ» የሚሉት ይስማማሉ። እነዚህ ሁሉ እንደ «አዋኪ» መንሥኤውን የሚሰይሙ እንጂ ስሜቱን የሚሰይሙ አለመሆናቸውን ልብ ይሏል። በትርጉም ሥራቸው የተሻለ ቃል ያገኙ አንባቢዎች ከነአገባቡ ቢያቀርቡልን በደስታ እንመለከተዋለን።