የሚያውቁት ሲጋርድ

«ጎበዝ ቼዝ ተጫዋች 20 እርምጃ አርቆ ያያል፤ አእምሮው ካሜራ ነው» የሚለው ወሬ አሁንም ዜና ሆኖ ይዞራል። የካሜራው ነገር እንኳ ካበቃለት ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ዊልያም ቼስና ኸርበርት ሳይመን በ1973 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ከእውነተኛ ግጥሚያ የተወሰደ አቀማመጥ ለ5 ሰከንድ አሳይተው ሸፈኑት። ማስተሩ 16 ያህል ጠጠሮችን ቦታ ቦታቸው መለሰ፤ ጀማሪው 4 ያህል። ጠጠሮቹ በዘፈቀደ ሲበተኑ ግን የማስተሩ ብልጫ ጠፋ። አንባቢ ፊደል ሳይቆጥር ቃሉን እንደሚያነብ፣ ማስተሩም የሚያየው ደጋግሞ ያጋጠመውን ቅንብር ነው።

ይህ የታወቀ ነው፤ እኔን የሚገርመኝ የዚሁ እውቀት ጣጣ ነው። በአማተሮች ውድድር ላይ የቆመ ሰው አይቶታል፦ አንዱ አንገቱን ደፍቶ ሩብ ሰዓት ያስባል፣ ጠጠሩን ያንቀሳቅሳል፣ ሰዓቱን ይጫናል፤ ተጋጣሚው ንግሥቱን በነጻ ይበላበታል። «ሳያስብ ተጫወተ» ይሉታል። አስቧል እንጂ!

ሜሪም ቢላሊችና ባልደረቦቹ በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የተጫዋቾችን ዓይን በመሣሪያ ተከታተሉ። የሰጧቸው አቀማመጥ ሁለት ማሸነፊያ ነበረው። አንዱ ንጉሡ በገዛ ጭፍሮቹ ታፍኖ በፈረስ የሚሞትበት፣ የክለብ ተጫዋች ሁሉ የሚያውቀው የ5 እርምጃ ስልት ነው። ሌላው ብዙም አይለመድም፤ ግን በ3 እርምጃ ያልቃል። የተጠየቁት አጭሩን ነው። የታወቀውን ቶሎ አገኙና ከዚያ የተሻለ እየፈለጉ እንደሆነ ተናገሩ፤ ዓይናቸው ግን ወደዚያው ስልት ካሬዎች ይመለስ ነበር። አልዋሹም፤ የሚፈልጉ መስሏቸዋል። አቀማመጡ ተነካክቶ የታወቀው ስልት እንዳይሠራ ሲደረግ አጭሩን አገኙት።

ንግሥቱን ያስበላው አማተርም ሩብ ሰዓቱን ያጠፋው የወደደውን ጥቃት ደጋግሞ በማጣራት ይሆናል። በዚያ መንገድ ሰዓት ቢጨመርለት የሚጨምረው ለዚያው ጥቃት ነው።

«ይሆናል» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ዓይን ያረፈበት ሁሉ የታሰበበት ነው ማለት አይቻልም። ግራንድማስተሮችም በዚህ ወጥመድ እኩል አይያዙም። በዘፈቀደ በተበተነ አቀማመጥም ቢሆን ማስተሮች ትንሽ ብልጫ እንዳላቸው ጎቤና ሳይመን በ1996 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። የቼዝ ተጫዋቾችን አስተሳሰብ ያጠናው አድሪያን ደ ግሮት ታላላቆቹ ከጠንካራ አማተሮች ብዙ ርቀው አያሰሉም ቢልም፣ የኋላ ጥናቶች ልዩነት አግኝተዋል። ክርክሩ አላለቀም፤ 20 እርምጃ ግን ከተከራካሪዎቹ የአንዳቸውም አቋም አይደለም።