ከቅዳሜና እሑድ የምትገኝ አንድ ሰዓት ተኩል

በአዲስ አበባ ሁለቱም ተቀጥረው የሚሠሩ ባልና ሚስት ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚተያዩት ጠዋት ተጣድፈው ሲወጡና ማታ ደክመው ሲገቡ ነው። ቤታቸው ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ፣ ሥራቸው ቦሌ ወይም ፒያሳ ከሆነ የታክሲ ሰልፉ ከቀረችው ጊዜ ላይም ይቆርጣል። ማታ የሚወራው የቤት ኪራይ፣ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያና የነገ ምሳ ነው። ሌላው ጨዋታ ሁሉ ለቅዳሜና እሑድ ይቀጠራል።

ሁለቱ ቀናት ግን ባዶ ሆነው አይጠብቁም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ሠራተኛው በሰባት ቀን ውስጥ ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት እንዲያገኝም ያዛል። ባንኮችና ብዙ የግል ድርጅቶች ቅዳሜን ቢያንስ እስከ እኩለ ቀን ስለሚሠሩ፣ ለብዙ ቤት ሙሉዋ የዕረፍት ቀን እሑድ ብቻ ናት። እሷም በጠዋት ቅዳሴ አለባት፤ የእድር ስብሰባ፣ ሰንበቴ፣ ለቅሶ፣ የታመመ ጥየቃ ይከተላል። ጥርና ሚያዝያ ሲገቡ የሠርግ ጥሪ ይደረባል። የሳምንቱ ልብስ እስኪታጠብና ወጡ እስኪሠራ ቀኑ ይመሻል።

እነዚህን ግዴታዎች የትዳር ጠላት አድርጎ መቁጠር ስህተት ነው። ቤተሰቡን ክፉ ቀን ሲመጣ ደግፈው የሚያቆሙት እድሩና ማኅበሩ ናቸው። ችግሩ ሌላ ነው፤ ባልና ሚስት ቀኑን ሙሉ አንድ ግቢ ውለው የረባ ወግ ሳያወሩ ሊመለሱ ይችላሉ። ለቅሶ ቤት እሱ ድንኳን ውስጥ ከወንዶቹ ጋር ይቀመጣል፤ እሷ ጓዳ ገብታ ከሴቶቹ ጋር ትሠራለች። ሠርግ ላይ ደግሞ የሙዚቃው ጩኸት አያነጋግርም። ከሰው ጋር አብሮ መዋል አንድ ነገር፣ ሁለት ብቻ ሆኖ መቀመጥ ሌላ ነገር ነው።

ሁለት ብቻ የሚሆኑበት ጊዜ ረጅም መሆን የለበትም። አርተር ኤረን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተመው ጥናት 53 ባለትዳር ጥንዶችን በሦስት ቡድን የከፈለ ነበር። አንደኛው ቡድን ለ10 ሳምንታት፣ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ጥንዶቹ ራሳቸው “ልብ የሚያነቃቃ” ያሉትን ነገር አብረው ሠሩ። ሁለተኛው ለተመሳሳይ ጊዜ “ደስ የሚል” ያሉትን፣ ማለትም የለመዱትንና የሚወዱትን ሠሩ። ሦስተኛው ምንም አልታዘዘም። በትዳራቸው ያላቸው እርካታ ይበልጥ የጨመረላቸው የመጀመሪያዎቹ ነበሩ። ጥናቱ አነስተኛ፣ አገሩም ሌላ ነው፤ ያም ሆኖ ሁለት ጠቃሚ ነገሮችን ያመለክታል። በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ትርጉም አላት፤ በዚያች ሰዓት የሚሠራውም ነገር ከተለመደው ትንሽ ወጣ ቢል ይሻላል።

ይህች ሰዓት አስቀድማ ካልተቀጠረች አትገኝም፤ ከቤት ሥራ መሐል ተፈልቅቃ መውጣት አለባት። እዚህ ላይ የአባቶች ሥርዓት የሚያስተምረው አለ። ሰንበት በግእዝ ዕረፍት ማለት ነው፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሜንም እሑድንም ሰንበት ብላ እንድታከብር በ15ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ተወስኗል። በገጠር እሑድ አይፈጭም፣ አይወቀጥም፣ እንጨት አይፈለጥም። ከተሜው ቤት ግን እሑድን የአጠባ ቀን አደረጋት። ባልና ሚስት ልብሱንና ሽንኩርት መክተፉን ተካፍለው ዓርብ ማታ ቢጀምሩት፣ እሑድ ከሰዓት ይተነፍሳል። ሥራው በሚስት ትከሻ ላይ ብቻ ከቀረ ግን የእሱ ዕረፍት የእሷ ድካም ይሆናል፤ የትኛውም ሽርሽር ይህን አይጠግነውም።

ከሁሉ የሚቀርበው መዝናኛ ቤት ውስጥ ያለው ቡና ነው። ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ አፍልቶ አቦል፣ ቶናና በረካ እስኪጠጣ ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል። ቡና ጎረቤት የሚጠራበት ወግ ነው፤ በሳምንት አንዴ ለሁለት ብቻ ቢፈላ ግን ማንም አይቀየምም። የዚያን ቀን የሚቆላው ባል ቢሆን የለመዱት ቡና አዲስ ነገር ይሆናል። ስልኮቹ ሌላ ክፍል ይቀመጣሉ፤ የብርና የዘመድ ጉዳይም እስከ በረካ ባይነሳ ይመረጣል።

መውጣት ለሚችሉ የእንጦጦ ተራራ አለ። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ በባሕር ዛፍ መሐል የሚያስኬዱ መንገዶች አሉት። አጠገቡ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡበት እንጦጦ ማርያም ይገኛል። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ይሳሳል፤ ፈጥኖ የሚሄድ ይደክመዋል፤ ቀስ የሚል ግን ያወራል። ጎን ለጎን መሄድ ፊት ለፊት ተቀምጦ ከመነጋገር ይቀላል፤ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ የሚያስፈራ ጉዳይ በእግር ጉዞ ላይ ይወጣል። ተራራው የራቀው ሰው በ2011 ዓ.ም. የተጀመረውን “መንገድ ለሰው” ሊጠቀም ይችላል፤ በወሩ የመጨረሻ እሑድ ጠዋት የተመረጡ ጎዳናዎች ለመኪና ይዘጋሉ።

ቴአትርም ተረስቷል። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርና በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር የብዙ ወላጆች የመተጫጨት ዘመን መዋያዎች ነበሩ። የቴአትር ትልቁ ጥቅም ከአዳራሹ ሲወጡ የሚጀምረው ክርክር ነው፤ ስለ ሌላ ሰው ትዳር ሲከራከሩ ስለ ራሳቸው ይነጋገራሉ። ሙዚየምም እንዲሁ ነው። ድንቅነሽን በተማሪነቱ አይቶ ዳግም ብሔራዊ ሙዚየም ያልረገጠ አዲስ አበቤ ብዙ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያም በእግር የሚዳረስ ነው። ከከተማ መውጣት ያማራቸው ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሆራና ባቦጋያ ሐይቆች አሏት። ይህ ግን ሙሉ ቀንና ጠቀም ያለ ገንዘብ ስለሚጠይቅ በየሳምንቱ ሊታሰብ አይገባውም።

ቅዳሜ አመሻሹን የሚወስደው የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ነው። ለንደን ከሰዓት በኋላ የሚጀመረው ጨዋታ አዲስ አበባ ላይ 11 ወይም 12 ሰዓት ላይ ይውላል። ኳሱን ከባል ለመንጠቅ መታገል ኩርፊያ እንጂ ጊዜ አያስገኝም፤ የሁለቱን ሰዓት ከጨዋታው በፊት፣ 9 ሰዓት ገደማ፣ መቅጠር ይቀላል። ልጆች ያሏቸው ደግሞ አያት ወይም ጎረቤት ለአንድ ሰዓት ተኩል እንዲይዙላቸው ከመጠየቅ ማፈር የለባቸውም፤ ውለታው በሌላ ሳምንት ይመለሳል።

ሥራ በተለያየ ከተማ ያደረጋቸው ባለትዳሮች ችግር የተለየ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልና ሚስት አብረው እንዲኖሩ ይጠይቃል፤ በስምምነት ተለያይተው መኖርንም ይፈቅዳል። በሁለት ሳምንት አንዴ የሚመጣ ሰው ገና ሻንጣውን ሳያወርድ ቤቱ በዘመድ ይሞላል። የመጀመሪያዋን ማታ ለቤቱ ትቶ ጥየቃውን ወደ ማግስቱ ማሻገር ለዘመድ ቀድሞ በስልክ ሊነገር ይችላል።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መደበኛው የዕረፍት ቀን እሑድ ቢሆንም፣ ሆስፒታል፣ ሆቴልና ትራንስፖርት የመሳሰሉ አገልግሎቶች ሌላ የዕረፍት ቀን መወሰን ይችላሉ። የነርስና የሾፌር ቤት ቅዳሜና እሑድ የለውም። እንዲህ ያሉ ጥንዶች የወሩ የተረኛ መርሐ ግብር እንደወጣ የሁለቱንም ግድግዳ ላይ ለጥፈው ሁለቱም ቤት የሚገኙባቸውን ሰዓታት ማክበብ፣ ከሌለም ከባልደረባ ጋር ተራ መቀያየር ይችላሉ። ሰዓቷ ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ካረፈች ቡናው የሚፈላው ያኔ ነው።