ስሕተት ወይስ ጉዳት? በጅማ አካባቢ ስለሚገኙ ጠገራ ብሮች

በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት በየቤተ ሰቡ እጅ ያሉትን አሮጌ ገንዘቦች ስንመለከት አንድ ነገር ደጋግሞ ተነገረን። ይኸውም መልኩ የተበላሸ ጠገራ ብር ሲገኝ «ማተሚያ ቤቱ የተሳሳተበት ነው» እየተባለ ዋጋው ከፍ እንዲል ይጠየቃል።

ነገሩ ሥር አለው። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን በገዙት በአባ ጅፋር ዳግማዊ ዘመን የማርያ ቴሬዛ ብር በሂርማታ ገበያ ይሠራ ነበር። በአገራችን ተቀባዩ በንግሥቲቱ ትከሻ ጌጥ ላይ ያሉትን ዘጠኝ ዕንቍዎች ይቈጥር ነበርና፣ በእጅ ብዛት ያለቀ ብር ሐሰተኛ ተብሎ ይመለስ ነበር። ያን ጊዜ ጉዳት ያዋርድ ነበር፤ ዛሬ ያስወድዳል፤ ሁለቱም ፍርድ የተሳሳተ ነው።

መለያው ለውጡ ብሩ ሲታተም መጣ ወይስ ከታተመ በኋላ የሚለው ነው። ማተሚያው በቅባት ተደፍኖ ከነበረ ዕንቍዎቹ ሲጠፉ በአጠገባቸው ያለው ልብስና ጠጕር ስል እንደ ሆነ ይቀራል። በመታሸት የጠፋ ከሆነ ግን ጕንጩም ትከሻውም አብሮ ልሟል። ብሩ ከሺሕ 833 እጁ ብር፣ የቀረው መዳብ ስለ ሆነ፣ በእርጥብ መሬት የተቀበረ እንደ ሆነ መዳቡ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፤ ዝገቱም ጽሕፈቱንና ባዶውን ቦታ ሳይለይ ይቦረቡራል። በጢስ ያለው ድኝ ደግሞ ያጠቍረዋል። ክብደትም ይረዳል፤ ጠገራ ብር የወቄት ሚዛን፣ 28 ግራም ያህል ነው። ከመካከሉ ተንሸራቶ የታተመ ብር መልኩ እንጂ ክብደቱ አይጐድልም፤ ዝገት የበላው ግን ብዙውን ጊዜ ይቀላል።

(ዙሪያው እንደ አበባ የተቈረጠው የ1936 ዓ.ም. 25 ሳንቲምም ስሕተት አይደለም። ክቡ በ1952 እ.ኤ.አ. ተሰብስቦ በእርሱ ተተካ፤ ዓመቱ ግን አልተለወጠም።)

በአጋሮ ያየነው አንድ ብር ከላይ በኩል ፊደሎቹ ቀልጠው ነበር። ለገዢ «ድርብ የታተመ» ተብሎ ሊቀርብ ነበረ። በአጉሊ መነጽር ስናየው የብየዳ ርዝራዥ ተገኘበት፤ በጀርባውም በዚያው ቦታ ላይ ሌላ ጠባሳ ነበረ። ለካ የአንገት ጌጥ ሆኖ ኖሯል፤ ፊደሉን ያቀለጠው የአንጥረኛው እሳት ነው። የታችኛውን ግማሽ ግን መፍረድ አልቻልንም፤ ባለቤቱ እንዲያምር ብለው አስቀድመው በሎሚና በአመድ ፈትገውት ነበር።